የቤታችን የቀጠሮ መዝገብ

በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ባልና ሚስት መስማማት ነው። እኔም ዛሬ የምጽፈው ከነዚህ ከሦስቱ የሚወጣ አይደለም፤ ነገር ግን መነሻው የባለቤቴ ትምህርት ነው። ባለቤቴ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ስትሆን፣ ሥራዋን ሳትለቅ በትምህርት አመራር የዶክትሬት ማዕርግ ለማግኘት መማር ከጀመረች እነሆ ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ ዕድሜዬም ከአርባ አልፎአል። ሥራዬ መዝገብ መክፈት፣ ቀጠሮ መጻፍና የባለጉዳይ ስም መጥራት ስለ ሆነ፣ ይህንንም ነገር እንደ ልማዴ ከመነሻው አንሥቼ እስከ ደረሰበት ድረስ በተራ እጽፈዋለሁ።

መነሻው እንዲህ ነው። በጥር ወር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲገለጥ፣ ከተፈተኑት ተማሪዎች መካከል ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ እንደ ሆኑ በይፋ ተነገረ። አንድ ተማሪ እንኳ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,100 የሚበልጡ ነበሩ። ባለቤቴ የምትመራውም ትምህርት ቤት ከነዚሁ አንዱ ሆነ። ያን ዕለት ማታ ወደ ቤት ገብታ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ተቀመጠች። አማቴ ቡና ቀድተው ቢያቀርቡላት ስኒው እፊቷ እንዳለ ቀዘቀዘ። ከብዙ ዝምታ በኋላ፣ «ባለፈው ዓመት ለበላይ መሥሪያ ቤት 46 ሪፖርት ጽፌአለሁ። በ46ቱም ላይ ትምህርት ቤታችን ደኅና ነበር። ወደ ክፍል ገብቼ ትምህርት ሲሰጥ ያየሁት ስንት ጊዜ እንደ ሆነ ግን አላስታውስም» አለች።

ከሁለት ወር በኋላ ዶክትሬት ለመማር ማሰቧን ነገረችኝ። እኔ በአፌ «መልካም ነው» ብልም በልቤ አልወደድሁትም ነበር። ምክንያቱም እንዲህ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርሁት በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ግቢ ከየኔታ እግር ሥር ሆኜ ነው፤ ዳዊት ደግሜ ዜማም ጀማምሬ ነበር። ኋላም ወደ ሚስዮን ትምህርት ቤት ገብቼ ሒሳብና እንግሊዝኛ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለደወል መታዘዝን ተምሬአለሁ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ዜማውን፣ ቅኔውንና መጻሕፍቱን አዳርሶ መምህር ለመሆን የሚፈልግ ሰው ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ይማራል። ይህ ተማሪ አባት እናቱን ትቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከአገር ወደ አገር ይሄዳል እንጂ ቤት አያስተዳድርም። ስለዚህ በእኔ አሳብ የሚማር ሰው ቤቱን ይተዋል፤ ቤት የሚይዝ ሰው ደግሞ ትምህርቱን ይተዋል፤ ሁለት ወዶ አይሆንም ብዬ አምን ነበር። ደግሞም ትምህርት ቤት ማስተዳደር የልምድና የጠባይ ነገር ነው እንጂ ማዕርግ ምን ያደርግለታል እል ነበር።

አማቴ ነገሩን ሲሰሙ፣ «ልጄ፣ ዶክተር ስትሆኚ ታክሚያለሽ ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አዎን እማዬ።»

«ሕመምተኛው ማን ነው?»

«ትምህርት ቤቱ ነው።»

አማቴ ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያስ ቶሎ ድረሺለት» አሉ። በቤታችን የመጀመሪያውን ፈቃድ የሰጡ እርሳቸው ናቸው።

ዶክተር የሚለው ቃል በላቲን ቋንቋ መምህር ማለት ስለ ሆነ፣ የአማቴ ጥያቄ የሚያስቅ ቢመስልም ከሥሩ የራቀ አልነበረም። በአሜሪካ አገር ፒ.ኤች.ዲ. የሚባለው ማዕርግ መጀመሪያ የተሰጠው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1861 በዬል ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህ ማዕርግ አዲስ ዕውቀት መርምሮ ለሚያወጣ ሊቅ የተሰናዳ ነበር። ኋላም በ1920 የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ፣ በትምህርት ሥራ ላይ ላሉ ሰዎች የታሰበ ሌላ የትምህርት ዶክትሬት ማዕርግ አቋቋመ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ፣ ትምህርት ቤት የሚመራ ሰው ዶክትሬት ሲማር ሊቅ ለመሆን ነው ወይስ ሥራውን ለማቃናት ነው የሚለው ክርክር አላበቃም። ይህ ክርክር በመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ መስሎኝ ነበር፤ ወደ ቤቴ እንደሚገባ ግን አላሰብሁም።

የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1943 ዓ.ም. በኮሌጅነት ከመጀመሩ አስቀድሞ፣ ከፍተኛ ትምህርት የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ባሕር ተሻግሮ መሄድ ግድ ነበረበት፤ ቤተ ሰቡም ደብዳቤ ይጠባበቅ ነበር። ዛሬ እናት በገዛ ቤቷ ሆና ልትማር ትችላለች። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን ባሕር የተሻገረ ሰው እንደሌለ ታውቆ ቤቱ እንደዚያው ይሰናዳል፤ በሩን ዘግቶ በጓዳ የሚያነብ ሰው ግን አለም የለምም። የእኛ ችግር ከዚህ ጀመረ።

በ2016 ዓ.ም. ትምህርቱ ሲጀመር ባለቤቴ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥታ እስከ 12 ሰዓት ታነባለች፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ የተማሪዎቹ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ከግቢው መድረስ አለባት። ቅዳሜ ትምህርት አለ፤ እሑድ የቤት ሥራ ይጻፋል። ጣራችንን ለማሳደስ የጠበቅነው የእቁብ ገንዘብ በወጣ ጊዜ ለመማሪያ ክፍያ ዋለ። በዚያው ክረምት በማድ ቤታችን ውስጥ ሦስት ቦታ ጣሳ ደቅነን ዝናብ ተቀበልን። እኔ ስለ ጣራው አልተናገርሁም፤ አለመናገሬን ግን እንደ ትልቅ ቸርነት እቈጥረው ነበር።

ከምታነበው ውስጥ አንዳንዱን ነገር እራት ላይ ትነግረን ነበር። ሊትዉድ የሚባል ሊቅ ከባልንጀሮቹ ጋራ ሆኖ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ባወጣው ጽሑፍ፣ በትምህርት ቤት ውስጥ ለልጆች ትምህርት ከሚረዱት ነገሮች ሁሉ አንደኛው መምህሩ በክፍል የሚሰጠው ትምህርት እንደ ሆነ፣ ሁለተኛው የአመራሩ ነገር እንደ ሆነ አስረድቶአል። ቪቪያን ሮቢንሰን የምትባል የኒውዚላንድ ሊቅም ከሁለት ባልደረቦቿ ጋራ ሆና፣ ቀድሞ የተደረጉትን ምርመራዎች አሰባስባ መዝና በ2008 ጽፋለች። በዚያም ጽሑፍ፣ ከትምህርት ቤት አለቃ ሥራዎች ሁሉ ለልጆቹ ውጤት እጅግ የሚረዳው፣ አለቃው መምህራኑን እንዲማሩ ማድረጉ፣ እርሱም ከነርሱ ጋራ ተቀምጦ መማሩ ሆኖ እንደ ተገኘ ገልጣለች። ይህን ስሰማ ቀድሞ በገባ ተማሪ ኋለኛው ሲጠና፣ የኔታም በዕድሜያቸው መጨረሻ መጽሐፍ ሲያገላብጡ ያየሁትን አስታውሼ ነገሩ እውነት መሰለኝ። ሆኖም ወዲያው ልቤ፣ «እናንተ እንዲህ ስታወሩ ልጁ የት አለ?» አለኝ።

ልጃችን ያን ጊዜ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። «እማዬ፣ ይህን አስረጂኝ» ሲላት፣ «ነገ» ትለዋለች። ነገ ደግሞ «ቅዳሜ» ይሆናል። ቅዳሜም «ከፈተና በኋላ» ይሆናል። እኔ በፍርድ ቤት ውስጥ ቀጠሮ ሲራዘም ባለጉዳይ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። መጀመሪያ ይቈጣል፤ ቀጥሎ ይለምናል፤ በመጨረሻ ዝም ይላል። ልጃችን ዝም ወደ ማለቱ ደረሰ። እኔም አንዲት ትንሽ ደብተር ገዝቼ፣ በቤታችን የተራዘመውን ቀጠሮ ሁሉ እንደ ሥራዬ ደንብ መጻፍ ጀመርሁ፦ ቀኑ፣ ጠያቂው፣ የተጠየቀው ነገር፣ ቀጠሮው የተራዘመበት ቀን። አንባቢዎቼ ይፍረዱኝ፤ ይህን ያደረግሁት ለማስተካከል ሳይሆን፣ አንድ ቀን በማስረጃ ለመርታት ነበር።

በግንቦት ወር 2016 ዓ.ም. ከልጃችን ትምህርት ቤት ስልክ ተደወለልኝ። ልጁ በሒሳብ እጅግ ስለ ወደቀ፣ ወላጅ እንዲመጣ ደብዳቤ ተጽፎ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ልጁን ብጠይቀው ደብዳቤውን በእናቱ የንባብ ጠረጴዛ ላይ እንዳስቀመጠው ነገረኝ። ሄጄ ባገላብጥ ከወረቀቶቿ ክምር ሥር እንደ ታሸገ አገኘሁት። በየሳምንቱ የሰው ልጅ ወላጆች ለምን አይመጡም ብላ የምታዝን ሴት፣ እርሷው ተጠርታ ሳትሄድ ቀርታ ነበር።

ማታ ደብዳቤውንና ደብተሬን አንድ ላይ አቀረብሁላት። ደብዳቤውን አንብባ አለቀሰች። ደብተሩን ግን ዓይኗን ጠርጋ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ቀስ ብላ አነበበችው። 41 ቀጠሮ ተጽፎበት ነበር። ከዚያም ቀና ብላ፣ «አጻጻፉ መልካም ነው። ነገር ግን ልጁ እኔን ብቻ ነው የጠየቀው? አንተስ እነዚህን 41 ምሽቶች የት ነበርህ?» አለችኝ።

እዚያው ነበርሁ። ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጬ እጽፍ ነበር።

በሥራዬ ብዙ ክርክር ሰምቼአለሁ፤ እንደዚያች ጥያቄ ያለ ግን አልገጠመኝም። ልጁ ስለ ሒሳብ ሲጠይቅ እኔን ያልጠየቀው፣ እኔ መልስ እንደማልሰጥ ከቀድሞው ስለሚያውቅ ነው። በደብተሬ ውስጥ የእኔ ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልተጻፈም፤ ጸሐፊ የራሱን ስም በባለጉዳይ ዓምድ አይጽፍምና።

ባለቤቴ ትምህርቱን ልተወው አለች። ያን ጊዜ እሺ ብላት የረታሁ ይመስለኝ ነበር፤ ነገር ግን አማቴ ከጓዳ ሆነው ሰምተው ኖሮ፣ «ሕመምተኛውን ጀምራችሁ ትታችሁት ልትነሡ ነው?» አሉ። በማግሥቱ ሁለታችንም ወደ ልጁ ትምህርት ቤት ሄድን። ከዚያም በቤታችን አዲስ ሥርዓት አደረግን። የሐሙስ ማታ የማይራዘም ቀጠሮ ሆነ፤ በዚያ ማታ መጽሐፍ አይከፈትም፣ ስልክም አይነሣም። የገበያውና የልጁ የጥናት ነገር ወደ እኔ ተላለፈ። በደብተሩም ላይ ሁላችንም እኩል እንድንጻፍ ተስማማን።

በመስከረም 2017 ዓ.ም. ባለቤቴ የምርምሯን ዕቅድ ለአማካሪዋ አቀረበች። ዕቅዱ ለሦስት መቶ መምህራን መጠይቅ በትኖ አለቃቸው በምን ዓይነት የአመራር ስልት እንደሚመራ ለመጠየቅ ነበር። አማካሪዋ አንብበው፣ «ይህ የመጽሐፍ ጥያቄ ነው፤ የእርስዎ ጥያቄ የትኛው ነው?» ብለው መለሱላት። ለሁለት ሳምንት ያህል ስታሰላስል ሰነበተች። ከዚያ አንድ ማታ የቀጠሮ ደብተራችንን አንሥታ፣ ያን የጥር ማታ የተናገረችውን ደገመችው፦ «ስንት ጊዜ ወደ ክፍል እንደ ገባሁ አላስታውስም ብዬ አልነበረምን? እንግዲህ ይቈጠር» አለች።

የርእሰ መምህራን የሥራ ሰዓት ወዴት እንደሚሄድ መመርመር ርእሷ ሆነ። ሰሌዳውን በዓምድ የከፈልሁላት እኔ ነኝ፤ ይህን መናገር ደስ ይለኛል። መጀመሪያ የራሷን ሰዓት አራት ሳምንት ጻፈች። ከ160 የሥራ ሰዓት ውስጥ 97ቱ ለስብሰባና ለሪፖርት፣ 54ቱ ለባለጉዳይ፣ ለጥገናና ለልዩ ልዩ ነገር ሲውሉ፣ በክፍል ውስጥ ያሳለፈችው 9 ሰዓት ብቻ ሆኖ ተገኘ። በአገራችን የትምህርት ቤት ማሻሻያ መርሐ ግብር መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢ፣ አመራርና አስተዳደር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ ተብሎ በአራት ይከፈላል። ባለቤቴ በሪፖርቷ አራቱን ሁሉ እኩል ስትሞላ ኖራ፣ ጊዜዋ ግን ወደ አንደኛው እንዳልደረሰ በገዛ እጇ ጽሕፈት አየችው።

በሥራ ላይ ሆኖ የሚማር ሰው አንድ ሌላ ብርቱ ችግር አለበት። በምትመራው ትምህርት ቤት ያሉትን መምህራን ስለ አመራሯ ብትጠይቃቸው እውነቱን አይነግሯትም። ይህን እኔ ከችሎቱ አውቀዋለሁ፤ አሠሪው እፊቱ ተቀምጦ የሚመሰክር ሠራተኛ ቃሉ ይታሰራል። ስለዚህ ምርመራዋን በሌሎች ትምህርት ቤቶች አደረገች፤ በራሷ ትምህርት ቤት የመረመረችው ራሷን ብቻ ነው። ለሌሎቹም ርእሳነ መምህራን ስማቸው እንደማይገለጥ ቃል ገብታ ወረቀቱን ቈልፋ ታኖራለች፤ እኔም ሰሌዳውን ሠራሁ እንጂ ውስጡን አላየሁም።

ከኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ባለቤቴ በየጠዋቱ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍለ ጊዜያት ከቢሮ ውጭ ሆነች፤ ባለጉዳይ ወደ ምክትሏ ይሄዳል። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከሒሳብ መምህራን ጋራ እንደ ተማሪ ተቀምጣ፣ ልጆቹ የሚሳሳቱበትን አብራ ትመለከታለች። አንድ አሮጌ መምህር፣ «እስከ ዛሬ አለቃ ወደ ክፍሌ የሚገባው ስሕተት ሊፈልግብኝ ነበር፤ እርስዎ ግን ደብተር ይዘው ገቡ» ብለዋታል። በዚያው ዓመት መጨረሻ በተደረገው ብሔራዊ ፈተና ከትምህርት ቤቱ ስድስት ልጆች አለፉ። እኔ ደስ ብሎኝ ይህን በጽሑፍሽ ማግባት አለብሽ ብላት፣ «ስድስት ልጆች ለእናቶቻቸው ብዙ ናቸው፤ ለማስረጃ ግን አይበቁም። መምህራኑ የሠሩትንም ለራሴ ልወስደው ነውን?» ብላ እንቢ አለች። በዚህ ቀን የትምህርቷን ፍሬ አየሁ፤ በጥር 2015 ዓ.ም. ያፈረችባቸውን ዓይነት ሪፖርቶች ከእንግዲህ አትጽፍምና።

እኔና ልጄም ከሒሳቡ ጋራ ታገልን። ክፍልፋይን ረስቼው ስለ ነበር፣ መጽሐፉን አስቀድሜ ሌሊት እያጠናሁ ማታ ለማስረዳት ሞከርሁ፤ ልጁ ግን ወዲያው ነቃብኝ። ኋላ «እኔም አላውቀውም፤ አብረን እንየው» ማለት ስጀምር መጠየቅ ጀመረ። ዛሬ በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ አይደለም፤ ነገር ግን አይወድቅም፣ ዝምም አይልም።

ይህን የጻፍሁት፣ ከአንባቢዎቼ መካከል ሥራውን እንደ ያዘ ከፍ ያለ ትምህርት ለመማር የሚያስብ ብዙ ሰው እንዳለ ስለማውቅ ነው። ለእርሱ ከቤታችን የተገኘውን ምክር በአጭሩ እሰጣለሁ። አንደኛ፤ ከመመዝገብ በፊት ከሥራህ ውስጥ እንቅልፍ የሚነሣህን አንድ ጥያቄ ፈልግ፤ ጥያቄ ሳይኖር የሚፈለግ ማዕርግ መካከሉ ላይ ሲደርስ ያደክማል። ሁለተኛ፤ ወጪውን ስታሰላ የመማሪያውን ክፍያ ብቻ ሳይሆን የሚዘገየውን ጣራ፣ የሚጨመረውንም ዓመት አብረህ አስብ። ሦስተኛ፤ ከአለቃህ የምታገኘው ፈቃድ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን፤ አለቃ ይለወጣልና። አራተኛ፤ በቤት ያሉትን ሁሉ፣ ሕፃኑንም አሮጊቷንም፣ ቁጭ አድርገህ ምን እንደሚጎድልባቸው ሳትሸሽግ ንገራቸው፤ የማይራዘም አንድ ማታም ስጣቸው። ለሚማረው ሰው ባል ወይም ሚስት ደግሞ ይህን እላለሁ፦ የሌላውን ጥፋት መመዝገብ ቀላል ነው፤ በመዝገቡ የራስህን ስም ፈልገህ ብታጣው፣ መዝገቡ ጐደሎ መሆኑን እወቅ።

ባለቤቴ ገና አልጨረሰችም። የሰበሰበችውን እየጻፈች ነው፤ ከዚያ በኋላ አንድ ጽሑፍ በምርምር መጽሔት ማሳተም፣ በፈታኞችም ፊት ቆማ መከራከር ይቀራታል። በዚህ ዓመት እቁባችን ደግሞ ሲወጣ፣ ለጣራው ይሁን ወይስ ለትምህርቱ ብለን ስንከራከር አማቴ፣ «ጣራው ይቅደም፤ ዶክተሯም ከዝናብ በታች ናት» ብለው ፈረዱ። ከዚህ ፍርድ ይግባኝ የሚል አልተገኘም።

ባለፈው ሐሙስ ደብተሩን ስከፍት፣ በእኔ መስመር ላይ በልጄ እጅ የተጻፈ አንድ ቃል አገኘሁ። ለአባት፣ ስለ ብስክሌቱ ጥገና፣ ለሁለተኛ ጊዜ የተራዘመ ይላል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቁሜ፣ ነገ ከሥራ ስወጣ ብስክሌቱን ወደ ጠጋኙ እወስደዋለሁ።